ሚኒሞ የለኝም

ጎንደር ውስጥ ቤንዚን የሚጨርሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዳገት እንዳትሉኝ። ዳገቱንማ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትንም ቢሆን እንወጣዋለን። ቤንዚን የሚጨርሰው ሰላምታ ነው።

አትሳቁ፤ የምሬን ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ሆናችሁ በአንድ ሽማግሌ ደጃፍ ስታልፉ አንገት ነቅነቅ አድርጎ መሄድ የለም። ትቆማላችሁ። እንዴት አደሩ ይባላል። እግዜር ይመስገን ይባላል። ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ ዝናቡ ይጠየቃል። ዝናቡ ካለቀ በኋላ ወደ ልጆቹ መመለስ ነው፤ እስከዚያ ስንቱ ታሞ፣ ስንቱ ተወልዶ እንደሆነ ማን ያውቃል? በመጨረሻ «በል እንግዲህ አላቁምህ» ይሏችኋል። ካቆሟችሁ በኋላ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የዳንኩት በሞተሬ በሽታ ነው።

ሥራዬ ከብት ማከም ነው። የላይ አርማጭሆ ገበሬ ዶክተር ይለኛል። ዲፕሎማዬ እንደዚያ አይልም፤ ግን ገበሬን የሚያህል ሰው እኔ ማን ሆኜ አርመዋለሁ? ቤቴ ጎንደር ቁስቋም፣ መሥሪያ ቤቴ ትክል ድንጋይ። ጠዋት የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላ አስሬ እወጣለሁ፤ ሲመሽ ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ። ሞተሬ አሮጊት ናት። ጥሩምባ አላት፣ መብራት አላት፣ ጉልበትም አላት። ሚኒሞ ግን አልነበራትም።

ሚኒሞ ምንድን ነው ለምትሉ፤ የነዳጁን እጀታ ስትለቁት ሞተር ሳይጠፋ፣ በቆመበት፣ በራሱ ቀስ እያለ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ይዞ መሄድ ከረሳቸው ቃላት አንዱ ነው፤ ከካቻቢቴና ከካንዴላ ጋር አብሮ ቀረ። የኔዋ እጀታውን ስለቅባት እክ ብላ ትጠፋለች። ከጠፋች ደግሞ ለማስነሳት ስረግጥ ስረግጥ ጉልበቴ ይዝላል። ስለዚህ አልቆምም። ሰው ሰላም ሲለኝ አንድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ሚኒሞ የለኝም!» እያልኩ እየጮህኩ አልፋለሁ። ሹፌር ሲባል እንዲህ ነው፤ የመኪናውን ጉድለት በራሱ ነው የሚናገረው። ፍሬን የለኝም ይላል፣ ጎማ የለኝም ይላል። ሰውየውን ብታዩት ግን ሙሉ ነው።

ሰውም ይቅር አለኝ። ሚኒሞ ምን እንደሆነ ባያውቁትም አንድ የጎደለኝ ነገር እንዳለ ገባቸው። ከኋላዬ አይዞህ ይሉኛል። አንዳንዷም ከንፈሯን ትመጥጥልኛለች። እኔ ለሞተሯ ያዘኑ መስሎኝ።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ አያ ቸኮል ነበሩ። ትክል ድንጋይ ለመድረስ ትንሽ ሲቀር መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ የድንጋይ ካብ አለ። አያ ቸኮል እዚያ ካብ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ቸኩለው ያየ ሰው የለም። እኔ ስመጣ ግን ከሩቅ ይነሳሉ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። «ሚኒሞ የለኝም አያ!» ብዬ አልፋለሁ። በስፖኪዮው መስታወት ዞር ብዬ ሳያቸው አፋቸው እንደተከፈተ ነው። ምን ሊሉኝ ይሆን እያልኩ እስከ መሥሪያ ቤቴ አስብና፣ እዚያ ስደርስ እረሳዋለሁ።

አሁን በኋላ የሰማሁትን ላስቀድም። ጨዋታ ነውና ፍቀዱልኝ።

አያ ቸኮል ይህን ሚኒሞ የሚባል ነገር አላወቁትም። ያላወቁትን ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው ደግሞ አይደሉም። የቃል ባለቤት ወደሆኑት ወደ መሪጌታ ጥበቡ ሄዱ። መሪጌታ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው። በግዕዝ የማይፈቱት ቃል የለም፤ ያልተፈታ ቃል ካዩ እንደታሰረ ጥጃ ያሳዝናቸዋል። ቃሏን ለሁለት ከፈሏት። «ሚ» አሉ፤ ምን ያህል ማለት ነው። «ኖመ» አሉ፤ ተኛ፣ አንቀላፋ ማለት ነው። ሚ ኖመ! ምን ያህል ተኛ! በመካኒክ አፍ ሲጎሳቆል ጊዜ ሚኒሞ ሆነ። እንግዲህ ያ ምስኪን የከብት ሐኪም በየጠዋቱ ደረቱን ይዞ የሚጮኸው እንቅልፍ የለኝም እያለ ነው።

ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ትክል ድንጋይ ፈረደልኝ። ሐኪሙ እንቅልፍ አጥቷል፣ በሬ ሲያክም የሚያዛጋው ለዚህ ነው ተባለ። ማዛጋትስ አዛጋለሁ፤ ከዶሮ ጋር የሚነሳ ሰው ምን ያድርግ?

አንድ የገበያ ቀን መሪጌታ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጡ። በሬ የታመመባቸው መስሎኝ ብድግ አልኩ። ከካባቸው ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ጸበል ነው፤ በባዶ ሆድህ ጠጣው፣ ያሳርፍሃል አሉኝ። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተደፍኖ ነበር። ይህን አይተው አዝነውልኝ ነው ብዬ መረቅኳቸው፤ እሳቸውም መረቁኝ። ጠርሙሱን በጎን ቦርሳዬ ከተትኩት።

ችግሩ፣ ቦርሳው ውስጥ ሌላ ጠርሙስ ነበረ። ዛሬ ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ አታጡትም። ማደያ ስንሰለፍ እንውልና ተራችን ሲደርስ አለቀ ይባላል። ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ መጠባበቂያውን በጠርሙስ ይይዛል። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሞተሬ መንገድ ላይ ተንተፋተፈች። ወረድኩ፣ ታንኩን ከፈትኩ፣ እጄን ወደ ቦርሳው ሰደድኩ፣ ያገኘሁትን ጠርሙስ ገለበጥኩ። ጤነኛ አፍንጫ ቢኖረኝ ያስጠነቅቀኝ ነበር። ሞተሬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንዴ አስነጠሰችና ጸጥ አለች። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል። ሞተርን ምን ዝም ያሰኘዋል ቢሉ ደግሞ ውሃ ነው።

በጭነት መኪና ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር ተጋድማ ጎንደር ገባች።

መካኒኬ ጋሽ ኑሩ ናቸው፤ ጋራዣቸው አዲስ ዓለም ነው። ዘር ማንዘራቸው ነጋዴ ነው። «ወንድሞቼ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ እኔ ጨርቅ አቆሽሻለሁ» ይላሉ። በምንም አይመኩም፣ በጆሯቸው ብቻ። ሞተር የሚያዳምጡ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ድምፅ ለማሰማት ፈቃድ ይጠይቃል። ጎረቤት ያለውን ቀጥቃጭ መዶሻህን አስቀምጥ ብለው ይጮኹበታል። ሻይ የሚያማስለውም ማንኪያውን ያቆማል። አንዴ አህያ ሲያናፋ ባለቤቱን ሲሳደቡ ሰምቻቸዋለሁ።

ካርቡራቶሩን ፈቱት። ካርቡራቶር ማለት ጭብጥ የምታህል ብረት ናት፤ ሥራዋ አየርንና ቤንዚንን ማዋሃድ ነው። እንደ ሽሮ ነው አሉኝ። ዱቄቱ ከበዛ ይጓጉላል፣ ውሃው ከበዛ ሆድ አይሞላም። ቤንዚን ሲበዛባት ታጨሳለች፣ ስትጠጣም ትውላለች። አየር ሲበዛባት ትግላለች፣ ጉልበት ታጣለች። ይህን እያሉ ከሆዷ ያለውን በጣሳ ቀድተው አሸተቱትና ፊታቸው ተለወጠ። ቤንዚንህ ላይ ውሃ የጨመረብህ ማን ነው ብለው ተቆጡ። መሪጌታ ጥበቡ ናቸው አልኩ። ምን ዓይነት ውሃ ነው አሉ። ጸበል ነው አልኩ።

ጋሽ ኑሩ ጣሳውን ይዘው ተነሱ። እንደ ሌላው ጭቅቅት ቦዩ ውስጥ አልደፉትም፤ ወደ ጓሮ ሄደው፣ ሰው ከማይረግጠው ከጽጌረዳው ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ጽጌረዳው እስካሁን አላገገመም፤ ግማሹ ቤንዚን ነበር። ጋሽ ኑሩ ግን ጸበል በቦይ አይደፋም ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጂግለር የምትባል አለች፤ ቤንዚኑ የሚያልፍባት፣ ከመርፌ ዓይን የምትጠብ ቀዳዳ። እፍ አሉባት። ጂግለርን በሽቦ የሚወጋ መካኒክ ዓይንን በእሾህ እንደሚጠርግ ሐኪም ነው አሉ፤ ሐኪም ሲሉ ወደኔ አዩ። የአየር ማጣሪያውን አራገፉ። እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን አውጥተው አሳዩኝ። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራለች። ጤነኛ ካንዴላ የተቆላ ገብስ ይመስላል፤ ከነጣ ሞተሩ ተርቧል፣ ከጠቆረ ጥጋብ ይዞታል። ከዚያ ሁሉንም ገጣጥመው፣ ሞተሯን አሙቀው፣ ካቻቢቴውን ሚኒሞ በምታስተካክለው ትንሽ ብሎን ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀመጠ። ብሎኗን ቀስ አድርገው ሲያላሉ ድምጿ ተነሳ። ጥቂት ሲጨምሩ ተንገዳገደች። መለሷት። እንደገና አላሉ፣ እንደገና መለሱ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

ዱ ዱ ዱ ዱ ዱ።

ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የገዛ ሞተሬ፣ ማንም ሳይነካት፣ ቆማ ትተነፍሳለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። ጋሽ ኑሩ እንዳያዩኝ ካንዴላ የማይ መስዬ አቀረቀርኩ። አሁን ቤንዚን ትቆጥብልሃለች አሉኝ። ደባርቅ ብቻ እንዳትወጣባት፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ የተመጠነው ቤንዚን እዚያ ይበዛባታል። አይከል ድረስ ግን እንደ ሙሽራ ትወስድሃለች አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል። የኮረብታዎቹ አናት ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል፣ የት እንዳሉ የጠፋቸው ይመስላሉ። ሞተሬ እንደ ድሮው አትጮህም። ቁልቁለት ላይ እጀታውን ስለቅላት እያንጎራጎረች ትወርዳለች። ያን መንገድ ለዓመታት ሄጄበታለሁ፤ ለካ አላየሁትም ነበር። ይህ ዋርካ እዚህ ነበር እንዴ? ይህ ጅረትስ ከመቼ ወዲህ ነው? ህልም ውስጥ የሚነዳ ሰው እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም። የት እንደምሄድ አውቃለሁ፣ መድረሱ ግን አያስቸኩለኝም።

አያ ቸኮል ከካቡ ሥር ተነሱ። አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቆምኩ። ሞተሬ አልጠፋችም። አያ ቸኮል በጣም ከመደንገጣቸው የተነሳ ያን ሁሉ ጊዜ ሊሉኝ ያሰቡት ጠፋቸው። ሰላምታውን ጀመርን፤ የተጠራቀመ ስለሆነ ረዘም አለ። ሲያልቅ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሚኒሞ አገኘህ?»

«አገኘሁ አያ።»

«እሰይ! በምን አገኘኸው? በጸበሉ ነው? ለኔም ንገረኝ እንጂ።»

ነገሩ ያኔ ተፈታ። የመሪጌታን ትርጓሜ ነገሩኝና ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከካቡ ሥር ተቀመጡ። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ ልጄ፣ አንተም እንደኔ መስለኸኝ ነው በየጠዋቱ የምጠብቅህ አሉኝ። ሚስታቸው እታገኝ ከሞተች ወዲህ ዓይናቸው አይከደንም። ቀን ከካቡ ሥር ይቀመጣሉ፣ ማታ አልጋው ላይ ይቀመጣሉ፤ ልዩነቱ ካቡና አልጋው ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ እንደሳቸው የሆነ፣ በየጠዋቱ እየጮኸ ያልፋል። መድኃኒቱን ካገኘ ይነግረኛል ብለው ነው። ሳቄን ባልሳቅኩት ብዬ ተመኘሁ።

ከሞተሬ ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ሞተሯ ብቻ ታወራለች። ዱ ዱ ዱ ዱ። አያ ቸኮል አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይችማ እታገኝ ናት» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ለካ እታገኝ ታንኮራፋ ነበር። ከሠርጋቸው ጀምሮ፣ በጋ ከክረምት፣ እኩል በሆነ ድምፅ። በሕይወት እያለች አላስተኛሽኝም እያሉ በክርናቸው ይጎሽሟታል፤ ከዚያ እዚያው ድምፅ ላይ ይተኛሉ። ስትሞት ቤቱ ጭር አለ። ማንኮራፋት ለምዶ ለኖረ ሰው ጭርታ ጩኸት ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ለሞተ ሰው ማንኮራፋት ይለቀሳል እንዴ?

«ትንሽ ፈጠነች እንጂ» አሉ እያዳመጡ። «እታገኝ አትቸኩልም ነበር።»

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ብሎኗን በትንሹ አላላሁ።

«አሁን ወፈረች። ጉንፋን ሲይዛት እንዲህ ነበረች።»

ጥፍር የምታህል መለስኩ።

«ኧኸ! እንዲያ። አሁን ሸጋ። አትንካት።»

ካቡን ተደገፉ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። አንድ ነገር ሊነግሩኝ ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። ተኙ።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትሄዳላችሁ? እኔም ልሄድ ፈልጌ እጀታውን ጨበጥ ሳደርግ የዓይናቸው ሽፋን ተርገበገበ። ለቀቅኩት። ሞተሯ ወደ ሚኒሞዋ ተመለሰች፣ እሳቸውም ወደ እንቅልፋቸው። ቆሜ ጉሙን ሳይ ቆየሁ። ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። ከካቡ ሥር እቆማለሁ፣ ሞተሬን በሚኒሞ እተዋታለሁ፣ አያ ቸኮል ይተኛሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ስቸኩል ያላፈሰስኩትን ቤንዚን ቆሜ አፈሰስኩት። ማደያ ስሰለፍ እውላለሁ፣ ያገኘሁትን ወስጄ ለአንድ ሽማግሌ እንቅልፍ አነድዳለሁ። ጋሽ ኑሩ ነገሩ ክብራቸውን ነካው። እኔ ያስተካከልኩት ሞተር እንዲህ አይጠጣም፣ ወዲህ አምጣት፣ ብሎኗን የነካ አለ አሉ። አይሆንም፣ አትነካም አልኳቸው። አስታመው ያዳኑትን ልጅ የከለከልኳቸው ያህል አዘኑ።

ሚስቴ ትርንጎም ነቃች። ቀድመህ ትወጣለህ፣ ዘግይተህ ትደርሳለህ፣ ቤንዚኑም አይበቃህም፤ መንገድ ላይ የምትቆምላት ሴት አለች እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አለች አልኩ፤ ስሟ እታገኝ ነው፣ ሞታለች። ታሪኩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዓይኗን ጠረገች። በማግስቱ ለአያ ቸኮል ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለእታገኝ ብዬ ቤንዚን እንድጨምር ግን አልፈቀደችም።

መሪጌታንም አገኘኋቸውና ሚኒሞ የጣሊያን ቃል መሆኑን በትህትና አስረዳኋቸው። እንቅልፍ ማለት ሳይሆን ሞተር ቆሞ መተንፈሱ ነው፤ ቆሞ ሳይጠፋ ሲቀር ሚኒሞ ይዟል ይባላል አልኩ። አያ ቸኮል አጠገባችን ሆነው ይሰሙ ነበር። መሪጌታ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ሳይሞቱ ማረፍ፣ ታዲያ እንቅልፍ ሌላ ምንድን ነው አሉኝ። ጣሊያንስ ቢሆን ከማን ተማረው? ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

በዚህ ሰሞን ቤንዚን ጭራሽ ጠፋ። ታንኬ ውስጥ ያለው መድረሻዬን እንጂ መቆሚያዬን አይበቃም። ዛሬስ አልቆምም ብዬ ወጣሁ። ካቡ ጋ ስደርስ አያ ቸኮል ተነስተው ቆመዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። የድሮዋን ቃል ልላት ነበር። በሌላው እጄ ግን እጀታውን ለቀቅኩት።

ቆምኩ። ተቀመጡ። ሞተሬ ዱ ዱ ዱ አለች፤ እሳቸው ተኙ። እኔ የታንኩን ክዳን ከፍቼ ወደ ውስጥ አያለሁ። የሞኝ ሥራ ነው፤ ቤንዚን በማየት አይጨምርም። ጥቂት ቆይታ ሞተሬ ተንተፋተፈች፣ አንዴ አስነጠሰች፣ ጠፋች።

አሁን ይነቃሉ አልኩ። ጭር አለ። ከዚያ ከካቡ ሥር አንድ ድምፅ ተነሳ። እኩል፣ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል። አያ ቸኮል እያንኮራፉ ነው። ያቺኑ የእታገኝን፣ እዚያችው ልክ ላይ። እታገኝ በሕይወት ሳለች ያን ሁሉ ክርን የቀመሰችው ሰውየው ራሳቸው እንደሷ የማያንኮራፉ መስሏቸው ይሆን? ማን ያነጻጽራል፣ ሁለቱም ተኝተው?

ቤንዚን የለኝም፣ መሄጃ የለኝም። ዳር ዳር አልኩና ካቡን ተደግፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ጉሙን እየገፈፈች ነው። ድንጋዩ ሞቅ ብሏል። ድምፁ ከጎኔ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሥራ እንዳለብኝ አስታወስኩ፤ ከዚያ ምን ሥራ እንደሆነ ረሳሁት።

በእንቅልፍ ልቤ የገበያተኛ እግር ሰማሁ። የጋቢ ሙቀት ትከሻዬ ላይ አለ፤ ከየት እንደመጣ አላየሁም። ምነው ሐኪሙ ምን ሆነ፣ ታሞ ነው እንዴ አለ አንዱ። ሞተሩ ተበላሽቶበት ነው አለች ሌላዋ። የአያ ቸኮል ድምፅ ከላዬ መጣ፣ በሹክሹክታ፤

«እሽ! ቀስ በሉ። ሚኒሞ ይዟል።»